ቶፖሊኖ ወደ ኦጋዴን ሲዘምት፦ የካርቱን ወታደርና የጅጅጋ ግንባር እውነተኛ ወታደሮች

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ስትወር ከዘማቾቿ አንዱ አይጥ ነበር። ቀልድ አይደለም። በጦርነቱ ወራት በጣሊያን በወጣ አንድ ሸክላ ላይ የዋልት ዲዝኒው ሚኪ ማውስ፣ በጣሊያንኛ ስሙ ቶፖሊኖ፣ ታጥቆ በፈቃደኝነት ወደ ሐበሻ ይዘምታል። የሸክላው ርዕስ «ቶፖሊኖ በአቢሲኒያ» ነው፤ የተጫወተው ክሪቬል የተባለ ዘፋኝ ነው። አይጡ በንጉሠ ነገሥቱ ላይ ይፎክራል፤ ለእናቱም ከሐበሻ ቆዳ ጫማ እንደሚያሠራላት ቃል ይገባል። ይህ ሁሉ የሚቀርበው በቀልድ መልክ ነው።

አይጡ «የዘመተበት» አገር ግን ካርታ ላይ አለ። ወልወል፣ ጎራሄ፣ ደገሃቡር፣ ጅጅጋ። እዚያ ሰው ሞቷል፤ ሰው ገድሏል። በሸክላው ላይ ባለው ወታደርና በእነዚህ ቦታዎች በተዋጋው ወታደር መካከል ያለው ልዩነት ዛሬም ሊጤን ይገባዋል። ምክንያቱም የዛሬዎቹም ልጆች ስለ ወታደርነት መጀመሪያ የሚማሩት ከካርቱን ነው።

▪️ ልጁ ከወታደሩ ቀድሞ ሠለጠነ

የሙሶሊኒ መንግሥት ሕፃናትን ማደራጀት የጀመረው ከወረራው ብዙ ዓመታት አስቀድሞ ነው። «ባሊላ» የተባለው የልጆች ድርጅት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1926 ነበር። ልጆቹ የደንብ ልብስ ለብሰው፣ በቁመታቸው ልክ የተሠራ ጠመንጃ አንግበው ይሰለፉ ነበር። ቤት ሲገቡ ደግሞ የሚያነቡት አልጠፋም። «ኮሪዬሬ ዴይ ፒኮሊ» የተባለው የልጆች ሳምንታዊ ከ1908 ጀምሮ በሥዕል የሚነገሩ ታሪኮችን ያወጣ ነበር። «ቶፖሊኖ» የሚል ስም ያለው መጽሔትም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1932 መጨረሻ ፍሎረንስ ውስጥ መታተም ጀመረ።

የሚገርመው ግን በዚያው በኮሪዬሬ ዴይ ፒኮሊ ላይ ሌላም የሥዕል ወታደር መኖሩ ነው። ስሙ ማርሚቶኔ ነው። ብሩኖ አንጎሌታ የተባለ ሠዓሊ በ1928 (እ.ኤ.አ.) የፈጠረው ይህ ወታደር ምንም የማይሳካለት ምስኪን ሲሆን፣ ታሪኩ ዘወትር የሚያልቀው እስር ቤት ገብቶ ነው። ማርሚቶኔ ወታደር መሳሳትና መዋረድ የሚችል ሰው መሆኑን ያሳይ ነበር። ወደ ሐበሻ ዘመተ ተብሎ ሸክላ ላይ የተቀረጸው ቶፖሊኖ ግን የማይሳሳት፣ የማይቆስል፣ የገደለውም የማይጸጽተው ነው። ለወረራ የሚመቸው የትኛው እንደሆነ ግልጽ ነው።

▪️ ጎራሄ ላይ የነበሩት

ወደ እውነተኛው ግንባር እንምጣ። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. ወልወል ላይ የኢትዮጵያና የጣሊያን ጦር ተጋጨ። የኢትዮጵያ ወገን ወደዚያ የሄደው ከእንግሊዞች ጋር የወሰን ሥራ የሚሠራውን ኮሚሽን አጅቦ ነበር። ከ100 በላይ ኢትዮጵያውያን ሞቱ። ሙሶሊኒ የሚፈልገውን ሰበብ አገኘ፤ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ወረራው በይፋ ተጀመረ።

በኦጋዴን በኩል የጎራሄን ምሽግ የያዘው ግራዝማች አፈወርቅ ወልደ ሰማዕት ነበር። ጎራሄ ቀድሞ የሰይድ ሙሐመድ አብዱላ ሐሰን ምሽግ የነበረበት ቦታ ነው። በጥቅምት 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ምሽጉን ለቀናት ደበደቡት። አፈወርቅ የፀረ አውሮፕላን መሣሪያው ላይ ሆኖ ሲዋጋ ቆሰለ። ግንባሩን ትቶ ለሕክምና መሄድን እምቢ አለ፤ ቁስሉም ገደለው። መሪውን ያጣው ጦር ጎራሄን ለቆ ወጣ።

በዚሁ ግንባር ሌላ ስም አለ፤ ዑመር ሰመተር። ሶማሌ ነው። በ1918 ዓ.ም. በጣሊያን ሶማሊያ ኤል ቡር ላይ በቅኝ ገዥዎቹ ላይ አምፆ፣ ኋላ ወደ ኢትዮጵያ ተሻገረ። ወልወል ላይ ሶማሌ ተዋጊዎችን እየመራ ከኢትዮጵያ ወገን ተሰልፏል። ጣሊያንን ለመዋጋት አዲስ አበባ ውስጥ መወለድ አላስፈለገውም።

ታሪኩን በሙሉ መናገር ከተፈለገ ግን እዚህ ላይ ማቆም አይቻልም። ከጣሊያን ጎን የተሰለፉት «ዱባት» የሚባሉት ነጭ ጥምጣም ጠምጣሚዎችም ሶማሌዎች ነበሩ። ወልወል ላይ ሶማሌ ከሶማሌ ጋር ተታኩሷል። በሰሜኑ ግንባር ኤርትራውያን አስካሪዎች ከሐበሻ ጋር እንደተታኮሱት ማለት ነው። ካርቱን እንዲህ ያለውን ታሪክ አይወድም። ለካርቱን ጀግናና ጠላት በመልክና በልብስ ቀለም መለየት አለባቸው።

▪️ አንድ አብራሪ፣ አንድ ሰበብ

እውነተኛ ሰውም ወደ ካርቱን ሊቀየር ይችላል። በታኅሣሥ 1928 ቲቶ ሚኒቲ የተባለ የጣሊያን አብራሪ ደገሃቡር አካባቢ አውሮፕላኑን ለማሳረፍ ተገደደ፤ ተይዞም ተገደለ። አሟሟቱ ዘግናኝ እንደነበር ሮም ውስጥ በሰፊው ተወራ። ግራዚያኒም ብዙ ሳይቆይ መልካ ዲዳ ላይ የነበረውን የስዊድን ቀይ መስቀል ሐኪም ቤት በአውሮፕላን አስደበደበ። ከአውሮፕላን የተበተነው ወረቀት ድብደባው የአብራሪው ደም ብድር እንደሆነ ይናገር ነበር። የመርዝ ጋዝ አጠቃቀሙንም በዚሁ ሰበብ ሲያመካኙ ኖረዋል።

የአንድ ምርኮኛ መገደል ወንጀል ነው፤ መሸፋፈን አያስፈልገውም። ነገር ግን የሚኒቲ ሞት ለጣሊያን ሕዝብ የተነገረው ከራሱ ከጦርነቱ ተነጥሎ ነው። አውሮፕላኑ ምን ሊያደርግ እዚያ ሰማይ ላይ እንደተገኘ የጠየቀ አልነበረም። ዛሬ የሬጆ ካላብሪያ አውሮፕላን ማረፊያ በስሙ ይጠራል።

መጋቢት 13 ቀን 1928 ዓ.ም. ጅጅጋ ከአየር ተደበደበች። ከሳምንት በኋላ ሐረር ተከተለች። የቱርኩ ጄኔራል ወሂብ ፓሻ ለደጃዝማች ነሲቡ ዘአማኑኤል ጦር ሳሳበኔና ደገሃቡር ላይ ያዘጋጀው የመከላከያ መስመር በሚያዝያ ተሰበረ፤ በወሩ መጨረሻም ጣሊያን ጅጅጋ ገባ።

▪️ የማይሞተው ወታደር

ጣሊያን በዚህ ብቸኛ አይደለችም። የለንደኑ ብሪቴይንስ ኩባንያ በዚያው ጦርነት ዘመን ከእርሳስ የተሠሩ የኢትዮጵያ ወታደሮችን በሣጥን ሸጧል። የእንግሊዝ ልጅ ጦርነቱን ምንጣፍ ላይ ደርድሮ መጫወት ይችል ነበር።

በዓለም የታወቀው የአሻንጉሊት ወታደር ግን አሜሪካዊው ጂ አይ ጆ ነው። ስሙ የመጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው፤ ዴቭ ብሬገር የተባለ ሠዓሊ በ1942 (እ.ኤ.አ.) ለወታደሮች መጽሔት የሣለው ተራ ወታደር መጠሪያ ነበር። በ1964 ሀስብሮ ኩባንያ ስሙን ለአሻንጉሊት ሰጠው። ወንዶች ልጆች «አሻንጉሊት» የሚለውን ቃል እንዳይሸሹት አዲስ ስም ወጣለት። የቬትናም ጦርነት በአሜሪካውያን ዘንድ ሲጠላ ኩባንያው በ1970 ወታደሩን ጀብደኛ ተጓዥ አደረገው። የአገሪቱ ስሜት ሲለወጥ፣ በ1982 በትናንሽ መጠን፣ ከማርቭል የሥዕል ታሪክ ጋር እንደገና ወታደር ሆኖ ተመለሰ፤ የቴሌቪዥን ካርቱኑም ተከተለ። ጠላቱ ኮብራ የሚባል፣ አገር የሌለው ድርጅት ነው።

በዚያ ካርቱን ውስጥ አውሮፕላን ሲመታ አብራሪው ሁልጊዜ በጃንጥላ ይወርዳል። ተኩሱ ቀንም ሌሊትም አይቋረጥም፤ የሚቀበር ግን የለም። ፈጣሪዎቹ ይህን ያደረጉት ለልጆች አስበው ነው ማለት ይቻላል። ውጤቱ ግን አንድ ነው፤ ልጁ ጦርነትን ያያል፣ ሞትን አያይም።

«ልጅ ነው፣ ተዉት ይጫወትበት» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፤ የፕላስቲክ ሽጉጥ የያዘ ልጅ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ አይሆንም። አሻንጉሊትን መከልከልም የትም አያደርስም። ችግሩ ያለው ጨዋታው ላይ አይደለም። ልጁ ሌላ ታሪክ ሳይሰማ ያደገ እንደሆነ፣ በ20 ዓመቱ ጥሪ ሲመጣለት ጦርነትን የሚያውቀው በዚያ መልኩ ብቻ ነው። ያኔ ፕላስቲኩን የሚሸጥለት ነጋዴ ሳይሆን ጠመንጃውን የሚያቀብለው ፖለቲከኛ ነው የሚጠቀመው።

▪️ ካራማራ ሥር የሚያድገው ልጅ

ይህ ነገር ለጅጅጋ ከሌላው ከተማ የበለጠ ይከብዳል። በ1970 ዓ.ም. መባቻ የዚያድ ባሬ ጦር ጅጅጋን ያዘ። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጦር ከኩባ ወታደሮች ጋር ሆኖ አስለቀቃት። የካራማራ ድል በየዓመቱ ይታሰባል፤ መታሰቡም ተገቢ ነው። ዳር ድንበሩን ያስከበረ ወታደር ክብር ይገባዋል።

ነገር ግን የዚያ ድል ትረካ አንዳንድ ጊዜ ወደ ካርቱን ይጠጋል። በማኅበራዊ ሚዲያ የካቲት በመጣ ቁጥር «ሶማሌ» የሚለው ቃል የወራሪው ጦርና የሕዝቡ የጋራ መጠሪያ ሲሆን ይታያል። ጅጅጋ፣ ቀብሪበያህ፣ አውበሬ ወይም ደገሃቡር ተወልዶ ያደገ ኢትዮጵያዊ ልጅ በዚያ ሥዕል ውስጥ ራሱን የሚያገኘው የት ነው? ከተማዋ ስትያዝም ስትለቀቅም በመካከል የነበሩት ወላጆቹና አያቶቹ ናቸው። ቦታ ካልተሰጠው ሌላ ካርቱን የሚያቀብለው አያጣም። በሌላኛው ወገን ደግሞ ጀግናውና ጠላቱ ቦታ ተለዋውጠው የሚቀርቡበት ትረካ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል።

ለዚህ ነው አፈወርቅና ዑመር ሰመተር አብረው መነገር ያለባቸው። አንድ ግንባር፣ አንድ ጠላት፣ ሁለት የተለያየ መነሻ። የአዲስ አበባው ተማሪ ዑመር ሰመተርን፣ የጅጅጋው ተማሪ አፈወርቅን ቢያውቅ፣ «የኢትዮጵያ ወታደር» የሚለው ቃል ለሁለቱም አንድ ትርጉም መያዝ ይጀምራል። በሶማሊኛና በአማርኛ ጎን ለጎን የሚታተም የሥዕል መጽሐፍ ብዙ ሚሊዮን ብር የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። ሠዓሊ አለ፣ ታሪኩ አለ፣ አንባቢው ሕፃን አለ።

አንድ ነገር ግን መጠበቅ ይኖርበታል። እነዚህ ሰዎች ፕላስቲክ እንዳይሆኑ። አፈወርቅ ቆስሎ እንደሞተ ይነገር። ከዱባቶቹ መካከልም ድህነት ገፍቶት የተሰለፈ ሊኖር እንደሚችል ይነገር። የተያዘው አብራሪ መገደሉም አይደበቅ። ቶፖሊኖ ከሐበሻ ቆዳ ጫማ ሊያሠራ የቻለው ሐበሻው በልጆቹ ዓይን ሰው ስላልነበረ ነው። ያንን የምንመልሰው የራሳችንን የማይሞት፣ የማይሳሳት ወታደር ሠርተን ከሆነ፣ የለወጥነው የአሻንጉሊቱን የደንብ ልብስ ብቻ ነው።