አርባዎቹ የአርመን ልጆችና ከእልቂት የተረፈ ልጅ አጠባበቅ

ስለ ዘመናዊ ሙዚቃችን አጀማመር ሲነገር አርባዎቹ የአርመን ልጆች ሳይነሡ አይታለፍም። ይሁን እንጂ የሚነገረው ስለ ነፉት ጡሩምባ እንጂ ስለ ልጅነታቸው አይደለም። እኛ በዚህች አጭር ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው ሁለተኛውን ነው፤ ይኸውም ወላጆቹን በእልቂት ያጣ ልጅ ልቡናው እንዲረጋ ምን ያስፈልገዋል የሚለውን ጥያቄ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ከ1907 ዓ.ም. ጀምሮ በኦቶማን ግዛት በአርመኖች ላይ በደረሰው እልቂት እጅግ ብዙ ሕፃናት ያለ እናትና ያለ አባት ቀሩ። ከእነዚህ እጓለ ማውታ አንዳንዶቹ በኢየሩሳሌም በአርመኖች ገዳም ተጠልለው ሙዚቃ ተማሩ። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን ሲጐበኙ የልጆቹን ባንድ ሰምተው ተደሰቱ፤ ከአርመን ፓትርያርክም ጋራ ተስማምተው አርባውን ወደ አገራችን አስመጡ። ልጆቹ አዲስ አበባ የገቡት ጳጉሜን 1 ቀን 1916 ዓ.ም. ነው። የባንዱ መሪ ኬቮርክ ናልባንዲያንና አባ ሆቫኔስ ሲሞንያን የተባሉ የአርመን ቄስ አብረዋቸው መጡ።

ከዚህ ሦስት ነገር እናስተውላለን። አንደኛ፣ ልጆቹ በየቤቱ አልተበተኑም፤ አንድ መከራ ያለፉ ባልንጀሮች አብረው ቈዩ። ሁለተኛ፣ ቋንቋቸውንና ጸሎታቸውን የሚያውቅ ታላቅ ሰው አልተለያቸውም። ሦስተኛ፣ የዕለት ሥራና በሕዝብ ፊት ክብር አገኙ።

ይህ አስተያየት ከሌላ አገር በተገኘ ዕውቀትም ይደገፋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አና ፍሮይድና ዶርቲ በርሊንግሃም በለንደን ሐምፕስቴድ የሕፃናት ማሳደጊያ አቋቁመው ነበር። እዚያ እንደ ተመለከቱት፣ ብዙውን ጊዜ ሕፃኑን ከቦምቡ ድምፅ ይልቅ የጐዳው ከእናቱ መለየቱ ነው። ስለዚህም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1942 ሕፃናቱን በትንንሽ ቤተሰብ ከፍለው ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንዲት ቋሚ ሞግዚት ሰጡ።

ሆኖም ፍርዳችን ከማስረጃው እንዳያልፍ መጠንቀቅ ይገባናል። አርባው ልጆች የመጡት ባንድ ስለ ተፈለገ እንጂ ሐዘናቸውን ለማስታመም ታቅዶ አልነበረም። በሰልፍ ላይ አሳምሮ የሚነፋ ልጅ ሌሊት ምን እንደሚያስብ ሰልፉ አይነግረንም። ስለዚህ ሙዚቃ ፈወሳቸው አንልም፤ የምንለው የተረፈላቸው ነገር ዳግመኛ አልተወሰደባቸውም ነው።

ይህም ቀላል ነገር አይደለም። ጦርነት ወይም ጐርፍ ያፈናቀላቸው ልጆች ወደ መጠለያ ሲገቡ መዝጋቢው አስቀድሞ የሚቈጥረው እህልና ብርድ ልብስ ነው፤ መቍጠሩም ተገቢ ነው። ነገር ግን በዚያው መዝገብ ልጁ ከማን ጋራ እንደ መጣ ይጻፍ፤ ማደሪያም ሲከፋፈል ከዚያ ሰው አይነጠል።