«የማስላክ ማጭበርበር» ማለት ምን ማለት ነው?

እንግሊዞች «ኦቶራይዝድ ፑሽ ፔይመንት ፍሮድ» ይሉታል። ቃል በቃል ልተርጉመው ብል የማይነበብ ነገር ሆነብኝ። አማርኛ ለካ በአንዲት «አስ» ይጨርሰዋል፤ ሌባው አልሰረቀም፣ አስላከ። ስለዚህ «የማስላክ ማጭበርበር» ብዬዋለሁ። ፒኑን የነካ የለም፤ ብሩን በገዛ ጣቱ የላከው ባለቤቱ ነው።

ጣጣውም ከዚህ ይጀምራል። ሰው ሰብሮ ገብቶ ቢወስድ «እኔ አላዘዝኩም» ይባላል፤ ራስ የላኩትን ግን ምን ይሉታል? ብሪታንያ ከኦክቶበር 7 ቀን 2024 ጀምሮ ባንኮች በዚህ መንገድ ለተታለሉ ግለሰቦችና አነስተኛ በጎ አድራጎት ድርጅቶች እስከ 85,000 ፓውንድ እንዲመልሱ አስገድዳለች፤ ወጪውን የላኪውና የተቀባዩ ባንክ እኩል ይካፈሉታል።

እኛ ዘንድ ለአስላኪ የሚመቸው ዕድር ነው። ለቅሶ ቀጠሮ አይሰጥም፤ ለቅሶ ላይ ደረሰኝ የሚጠይቅ ሰውም ጨካኝ ይመስላል።

የእኛ ዕድር ገንዘብ ያዥ አንድ ማለዳ በቴሌግራም መልእክት ደረሳቸው። ፎቶው የሰብሳቢው፣ ስሙም የሰብሳቢው ነው። «ጋሼ፣ ዕድርተኛ አርፎብናል። ለሣጥን 18,000 ብር በዚህ ቁጥር ቶሎ ይላኩልኝ፤ ስብሰባ ላይ ስለሆንኩ አይደውሉ።» ለካ ሰብሳቢው በዋዜማው ማታ «ለውድድር ድምፅ ስጠኝ» ላለው ሰው የመግቢያ ኮዱን አሳልፎ ሰጥቶ፣ በገዛ ቴሌግራሙ ሌባ አስገብቶ አድሯል።

ሌላው ዘዴ ብር የገባ የሚያስመስል የውሸት የቴሌብር መልእክት ልኮ «በስህተት ልኬብዎት ነበር፣ ይመልሱልኝ» የሚለው ነው። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው፤ የአስመሳዩ ከተራ የሞባይል ቁጥር። ለማንኛውም መልእክቱን ትቶ ቀሪ ሒሳብን ማየት ይበጃል።

ዕድር መከላከያውን ድሮም ያውቀው ነበር። ብዙውን ጊዜ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ባንክ ይመዘገባሉ፤ ከሦስቱ ሁለቱ ካልፈረሙ ከባንክ ብር አይወጣም። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር መዋጮ መሰብሰብ ቀለለ፤ እሰየው። ግን መዋጮው በአንድ ሰው የግል ስልክ ላይ ሲጠራቀም ያ ሁሉ ፊርማ በአንድ ፒን ተተካ። ይህን ማንም በጉባኤ አልወሰነውም፣ እንዲሁ ሆነ። ስለዚህ መዋጮው በቀጥታ ወደ ዕድሩ የባንክ ሒሳብ ይግባ፤ ወጪም ሲኖር ጥያቄው በጽሑፍ ከመጣ፣ ማረጋገጫው ድሮ በሚታወቅ ቁጥር ተደውሎ በድምፅ ይሁን።

የእኛን ገንዘብ ያዥ ይህን ሁሉ ማንም አላስተማራቸውም። መልእክቱን ሁለት ጊዜ አነበቡና መነጽራቸውን አውልቀው «ለቅሶ ሆኖ ጥሩምባ ሳይነፋ?» አሉ። ከዚያ ለሰብሳቢው ሚስት ደወሉ።