የሁለት ቀን ዋጋ
ያለጊዜው የመጣን ምጥ ስለ ማዘግየት

«ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች» የሚለው ተረት ያላየውን ነገር ለባለቤቱ ለሚያስረዳ ሰው የሚጣል ነው። እኛም በጽሕፈት ቤት የምናገለግል እንጂ ሐኪሞች ስላልሆንን፣ ስለ ምጥ ለመጻፍ ብዕር ስናነሣ ይህ ተረት እንደሚጠቀስብን እናውቃለን። ዳሩ ግን ለመጻፍ ያነሣሣን ነገር ከቤታችን የደረሰ ስለ ሆነ አንባብያን እንዲታገሡን እንለምናለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት መንታ ያረገዘች አንዲት የቅርብ ዘመዳችን በሠላሳኛው ሳምንት ምጥ መጣባትና በሌሊት ወደ ሆስፒታል አደረስናት። ሐኪሙ ከመረመራት በኋላ፣ «ምጡን የሚያዘገይ መድኃኒት አለ፤ ተስፋ የምናደርግበት ግን ለሁለት ቀን ያህል ነው። እርግዝናው መንታ ስለ ሆነ ለእናቲቱ የሚያሰጋ ነገር አለውና አስቀድመን መመዘን ይገባናል» አለን። በአጠገባችን የነበሩት አያቷ፣ «ልጄ፣ ሁለት ወር ከዐሥር ቀን ለቀራቸው ሕፃናት ሁለት ቀን ምን ይረባቸዋል?» ብለው ጠየቁት። ሐኪሙም፣ «እማማ፣ ሁለቱ ቀን ለሳንባቸው ነው» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

መልሱ አጭር ነበር። ነገር ግን በኋላ ጊዜ አግኝተን የሕክምናን ታሪክ በምናነብበት ጊዜ፣ ያ አጭር ቃል ብዙ ሊቃውንት ከሃምሳ ዓመት በላይ የደከሙበትና ብዙ ጊዜም የተሳሳቱበት ሆኖ አገኘነው። ዛሬ ለአንባብያን የምናቀርበው ይህንኑ ታሪክ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ ሕፃን ከሁሉ በፊት የሚቸገረው በመተንፈስ ነው። ሳንባ የተሠራው እጅግ ጥቃቅን ከሆኑ የአየር ከረጢቶች ሲሆን፣ አየሩ በሚወጣበት ጊዜ ከረጢቶቹ እንዳይጣበቁ የሚጠብቃቸው ሰርፋክታንት የሚባል ልስልስ ፈሳሽ አለ። ፅንሱ ይህን ፈሳሽ በበቂ የሚያዘጋጀው በእርግዝናው መጨረሻ ሳምንታት ነው። ቀድሞ የተወለደው ሕፃን ይህ ስለሚጎድለው፣ እያንዳንዱ ትንፋሽ እንደ መጀመሪያው ትንፋሽ ከባድ ይሆንበታል፤ በመጨረሻም ይደክማል። የበሽታው ምክንያት የዚህ ፈሳሽ ጉድለት መሆኑን በ1959 ሜሪ ኤለን ኤቨሪና ጄሪ ሚድ የተባሉ አሜሪካውያን ሊቃውንት ገለጡ። ምክንያቱ ቢታወቅም ፈውሱ ገና ነበር። በ1963 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የጆን ኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ ከአምስት ሳምንት በላይ ቀድሞ ተወልዶ፣ በዚሁ የሳንባ በሽታ ሁለት ቀን ሳይሞላው ዐረፈ። በዚያ ዘመን ሥልጣንም ሀብትም ለአንድ ሕፃን ትንፋሽ ሊገዙለት አልቻሉም።

እንግዲህ ፈውስ ከሌለ ሕፃኑ ከማሕፀን እንዳይወጣ ማድረግ ይሻላል የሚለው አሳብ በሐኪሞች ዘንድ መበርታቱ አያስደንቅም። በዴንማርክ የተወለዱት ፍሪትዝ ፉክስ የተባሉ የማሕፀን ሐኪም በኒው ዮርክ ሲሠሩ፣ ምጥን ለማቆም አልኮልን በደም ሥር ማንጠባጠብን አስተዋወቁ፤ ሥራቸውም በ1967 ታተመ። መነሻ የሆናቸው ባለቤታቸው አና ሪታ ፉክስ በጥንቸሎች ላይ ያደረጉት ምርምር ነበር። አሳቡም፣ ማሕፀን እንዲኮማተር የሚያደርገው ኦክሲቶሲን የተባለው ሆርሞን ከአንጎል ሥር ካለችው ዕጢ እንዳይወጣ አልኮል ይከለክላል የሚል ነው። መድኃኒቱ በብዙ አገር ተሠራበት። እናቲቱ ግን በሕመም አልጋ ላይ ሆና ትሰክራለች፤ ራሷን ያማታል፤ ታስመልሳለች፤ ያስመለሰችው ወደ ሳንባዋ እንዳይገባም ጠባቂ ያስፈልጋታል። በ1973 ደግሞ አልኮል በፅንስ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከሲያትል ከተማ በወጣ ጽሑፍ ስም ተሰጥቶት ሲታወቅ፣ የዚህ ሕክምና ክብር እየቀነሰ ሄደ።

በዚህ ላይ ጥቂት ልንቆይ ይገባናል። ሐኪሞቹ ክፉ አሳቢዎች አልነበሩም፤ መድኃኒቱን ሰጡ፣ ምጡም ቆመ። ዳሩ ግን ያለጊዜው ከመጣው ምጥ ብዙው ምንም ሳይደረግለት ራሱ የሚቆም ነው። መድኃኒት የተሰጣትን ካልተሰጣት ጋር በዕጣ ለይቶ ያላስተያየ ሰው፣ ያቆመው መድኃኒቱ ይሁን ተፈጥሮ ሊያውቅ አይችልም። ከዚህም የሚብሰው፣ ምጡ ቆመ ወይስ አልቆመም ብለው ጠየቁ እንጂ፣ በተገኘው ጊዜ ለሕፃኑ ምን ተደረገለት ብለው የጠየቁት ጥቂቶች መሆናቸው ነው።

መልሱ የመጣው ምጥን ማቆም ከሚፈልጉት ሳይሆን፣ ምጥ እንዴት እንደሚጀምር ከሚመራመር ሰው ነው። በኒው ዚላንድ በኦክላንድ ከተማ ግሬሃም ሊጊንስ የተባሉ ሐኪም፣ ምጥን የሚያስነሣው እናቲቱ ናት ወይስ ፅንሱ የሚለውን ለማወቅ በበጎች ላይ ይሠሩ ነበር። ለበግ ፅንስ የስቴሮይድ ሆርሞን ሲሰጡት በጊቱ ያለጊዜዋ ወለደች። በዕድሜው ከሆነ መተንፈስ የማይገባው ግልገል ግን ሲተነፍስ አገኙት፤ ሳንባውም በከፊል አየር ይዞ ነበር። ሊጊንስ ያዩትን በ1969 አሳተሙና፣ ሮስ ሃዊ ከተባሉት የሕፃናት ሐኪም ጋር ሆነው ነገሩን በሰው ላይ ለመፈተን ተነሡ።

ፈተናው 282 እናቶችን የያዘ ሲሆን፣ ውጤቱ በ1972 ታተመ። ለግማሾቹ ቤታሜታዞን የተባለው ስቴሮይድ በ24 ሰዓት ልዩነት ሁለት ጊዜ በመርፌ ተሰጣቸው። ምጥ መጥቶባቸው ከነበሩት እናቶች ከተወለዱት ሕፃናት፣ ስቴሮይድ ካላገኙት ከመቶ 15 ያህሉ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲሞቱ፣ ካገኙት የሞቱት ግን ከመቶ 3.2 ብቻ ነበሩ። የሳንባው በሽታም ከመቶ 25.8 ወደ 9 ወረደ። ጥቅሙ ጎልቶ የታየው 32 ሳምንት ሳይሞላቸው፣ ነገር ግን መርፌው ከተሰጠ ቢያንስ 24 ሰዓት ካለፈ በኋላ በተወለዱት ላይ ነው። ስለዚህ መርፌው ሥራውን እንዲሠራ ምጡን ጥቂት ማቆየት አስፈለገ፤ ለዚህም በኦክላንድ መጀመሪያ አልኮል፣ በኋላም ሳልቡታሞል የተባለው መድኃኒት ተሰጠ። ምጥን ማዘግየት ትርጕሙን ያገኘው በዚህ ቦታ ነው። ራሱ ፈውስ አይደለም፤ ለፈውሱ በር የሚከፍት ዘበኛ ነው።

ይሁን እንጂ ዓለም ይህን ትምህርት ቶሎ አልተቀበለም። የአሜሪካ መንግሥት የጤና ምርምር ድርጅት የጠራው የሊቃውንት ጉባኤ ስቴሮይድን በሰፊው የደገፈው በ1994 ነው፤ ምስክሩ ከቀረበ ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ ማለት ነው። በ1993 የተመሠረተው ኮክሬን የተባለው የሕክምና ማስረጃ መርማሪ ማኅበርም፣ ስቴሮይድን የፈተኑ የሰባት ጥናቶችን ውጤት የሚያሳይ ሥዕል ዓርማው አድርጎ መረጠ፤ ማስረጃን በጊዜው አለመሰብሰብ ስንት ሕይወት እንደሚያስከፍል ማሳሰቢያ እንዲሆን ነው።

በዚያው ዘመን ምጥን የማቆሙ ሥራ በሌላ መንገድ ይሄድ ነበር። ሪቶድሪን የተባለው መድኃኒት በ1980 በአሜሪካ ተፈቀደ። እርሱና ወንድሞቹ የማሕፀንን ጡንቻ ሲያላሉ ልብን ያስሮጣሉ፤ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ከፍ ያደርጋሉ፤ በሳንባም ውሃ እንዲቋጠር ያደርጋሉ። በ1992 በካናዳ 708 እናቶችን የያዘ ጥናት ሲወጣ፣ ሪቶድሪን ምጡን ለአጭር ጊዜ ቢያዘገይም የሕፃናትን ሞት በግልጥ እንዳልቀነሰ ታየ። በ2011 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ የሪቶድሪን ወንድም የሆነው ተርቡታሊን ለዚህ ጉዳይ ከ48 እስከ 72 ሰዓት በላይ በመርፌ እንዳይሰጥ፣ የሚዋጠውም ከቶ እንዳይሰጥ አስጠነቀቀ፤ ምክንያቱ በእናቶች ልብ ላይ የደረሰው ጉዳትና ሞት ነው።

የመንታ እናት ነገር ከሁሉ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ፅንስ የተሸከመ ማሕፀን ከልኩ በላይ ስለሚለጠጥ ምጡ ቀድሞ ይመጣል፤ በብዙ አገር ከመንታ እርግዝና ከግማሽ የሚበልጠው 37 ሳምንት ሳይሞላ ይወለዳል። ስለዚህ መድኃኒቱን ከማንም ይልቅ የምትፈልገው እርሷ ናት። ነገር ግን የደሟ መጠን አንድ ካረገዘችው ይልቅ ስለሚጨምርና ልቧም አስቀድሞ ስለሚደክም፣ በሳንባዋ ውሃ የመቋጠሩ ሥጋት ከማንም ይልቅ የሚያይለው በእርሷ ላይ ነው። ፍላጎቷና አደጋዋ አብረው ያድጋሉ። ምጥ ሳይመጣ አስቀድሞ ለመከላከል ታስቦ ለመንታ እናቶች የተሰጠው መድኃኒትም ጥቅሙ አልታየም። መድኃኒት ቀርቶ ዕረፍት እንኳ እንደ ታሰበው አልሆነም፤ በ1985 ከዚምባብዌ ከሐራሬ ከተማ በታተመ ጥናት፣ ሆስፒታል ገብተው በአልጋ እንዲያርፉ የተደረጉት የመንታ እናቶች በቤታቸው ከቆዩት ይልቅ ብዙዎቹ ቀድመው ወለዱ።

ሌሎቹንም መድኃኒቶች በአጭሩ እናንሣ። ማግኒዚየም ሰልፌት ብዙ ዘመን ተሠራበት፤ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን በላይ ሲሰጥ ግን የፅንሱን አጥንት እንደሚጎዳ በ2013 ማስጠንቀቂያ ወጣበት። ዛሬ ዋና ጥቅሙ በጣም ቀድሞ የሚወለደውን ሕፃን አንጎል መጠበቁ ነው። ለደም ግፊት የተሠራው ኒፌዲፒን በ1980 በስዊድን ለምጥ ተሞከረ፤ የሚዋጥና ርካሽ ስለ ሆነም ተስፋፋ። አቶሲባን የተባለው ደግሞ በ2000 በኤውሮፓ ተፈቀደ። ሁለቱን ያወዳደረ፣ መንታ ያረገዙትንም የጨመረ ጥናት ከሆላንድና ከቤልጅግ በ2016 ሲወጣ፣ በሕፃናቱ ጤና ላይ የጎላ ልዩነት አልተገኘም። ኒፌዲፒንን ከሁለቱ ቀን አልፎ ለዐሥራ ሁለት ቀን ማስቀጠልም ለሕፃናቱ እንዳልጠቀመ በ2013 ከዚያው ከሆላንድ ተሰምቷል። ሁለቱ ቀን ሁለት ቀን ሆኖ ቀረ።

ይህ ሁሉ ለአገራችን ሩቅ ወሬ አይደለም። ከ2016 እስከ 2018 በኢትዮጵያ በአምስት ሆስፒታሎች በተደረገ ጥናት፣ ያለጊዜያቸው ተወልደው በሕፃናት ልዩ ክፍል ከተኙት 3,852 ሕፃናት 1,109ኙ በ28 ቀን ውስጥ ሞቱ፤ ከሞታቸው ምክንያትም የመጀመሪያው ይኸው የሳንባ በሽታ ነው። ይሁንና መድኃኒቱን ብቻ ወደ ገጠር መላክ እንደማይበቃ ሌላ ጥናት ያስተምረናል። በ2015 ከስድስት አገሮች የወጣው ጥናት፣ የእርግዝናው ዕድሜ በትክክል በማይታወቅበትና እንክብካቤው በማይሟላበት ስፍራ ስቴሮይድን ማስፋፋት የሕፃናትን ሞት በጠቅላላው እንደ ጨመረ ገለጠ። በ2020 ግን በባንግላዴሽ፣ በህንድ፣ በኬንያ፣ በናይጄሪያና በፓኪስታን በተዘጋጁ ሆስፒታሎች በጥንቃቄ ሲሰጥ ሞትን እንደ ቀነሰ ታወቀ። የዓለም የጤና ድርጅትም በ2015 ምጥ የሚያዘገይ መድኃኒትን ሳይደግፍ ቆይቶ፣ በ2022 ኒፌዲፒንን በቅድመ ሁኔታ ደገፈ። መድኃኒቱ ያው ነው፤ የሚለየው አብሮት ያለው ነገር ነው።

እንግዲህ ሐኪሙ በዚያች ሌሊት «መመዘን ይገባናል» ያለው ምን እንደ ሆነ አሁን ተረዳን። በአንዱ ወገን የሚቀመጠው የሁለቱ ሕፃናት ሳንባ፣ የስቴሮይዱ መርፌና የሕፃናት ክፍል መኖር ነው። በሌላው ወገን የሚቀመጠው የእናቲቱ ልብና ትንፋሽ ነው። ደም ከፈሰሳት ወይም በማሕፀኗ ውስጥ ብግነት ከተነሣ፣ ሕፃናቱን ማቆየት ራሱ ጥፋት ይሆናልና ሚዛኑ ወዲያው ይለወጣል።

ዘመዳችን ሁሉን ከሰማች በኋላ የጠየቀችው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ «ትንፋሼ ቢያጥረኝ ታቆሙታላችሁ?» አለች። «ወዲያው» አላት። በሁለተኛው ሌሊት ትንፋሿ አጠረ፤ ሐኪሙም እንደ ቃሉ መድኃኒቱን አቆመ። ሁለተኛው የስቴሮይድ መርፌ አስቀድሞ ተሰጥቶ ነበር። በማግሥቱ ንጋት ሁለት ሴቶች ልጆች ተወለዱ፤ ብዙ ሳምንት በሆስፒታል ከቆዩ በኋላም ወደ ቤታቸው ገቡ።

አያታቸው እስከ ዛሬ፣ «የሁለት ቀን ልጆቼ» ይሏቸዋል። እኛ ግን በታሪኩ ከተማርን ወዲህ፣ የአንድ ቤት ደስታ ለመድኃኒት ምስክር እንዳይሆን እንጠነቀቃለን፤ ያ መድኃኒት ባይሰጥ ምን ይሆን እንደ ነበረ ማንም አያውቅምና። በእርግጥ የምናውቀው ሐኪሙ ሁለቱን ቀን ለምን እንደ ፈለጋቸው አስቀድሞ ማወቁን፣ እናቲቱም የምትከፍለውን ዋጋ አስቀድማ መጠየቋን ነው። ከሕክምና ውጭ በየመሥሪያ ቤቱ የምናገለግል ሰዎችም፣ ጊዜ ይሰጠን ብለን በምንለምንበት ቀን ሁሉ፣ በዚያ ጊዜ ምን ልንሠራበት ነው የሚለውን ጥያቄ አስቀድመን ብንመልስ መልካም ነው።