የሆሊውድ ሌቦች ፍቅርና ቅጣት

ሌባን አፍቃሪ አድርገው ከሚያስቁ የሆሊውድ ቀደምት ፊልሞች ሁሉ የሚልቀው፣ የበርሊኑ ተወላጅ ኧርንስት ሉቢች በ1932 እ.ኤ.አ. ያዘጋጀው «ትራብል ኢን ፓራዳይዝ» ነው። በቬኒስ ሆቴል ውስጥ መኳንንት መስለው ለእራት የተቀመጡ ወንድና ሴት አንዱ የሌላውን ንብረት ይሰርቃል። ቦርሳውና ሰዓቱ ተራ በተራ ወደየባለቤቱ ሲመለስ ሁለቱም ሌቦች መሆናቸው ይገለጣል፤ የሚዋደዱትም ያን ጊዜ ነው። በመጨረሻ ሳይያዙና ሳይቀጡ አብረው ይሄዳሉ።

እንዲህ ያለው ፍጻሜ ብዙም ሳይቆይ ተከለከለ። የአሜሪካ ፊልም አምራቾች በ1930 ያጸደቁት የሥነ ምግባር ደንብ የተመልካች አዘኔታ ወደ ወንጀለኛው እንዲያደላ አይፈቅድም ነበር፤ ሆኖም እስከ 1934 አጋማሽ ድረስ በጥብቅ አልተሠራበትም ነበር። በዚያ ዓመት ጆሴፍ ብሪን የሚመራው የቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ሥራውን ሲጀምር ነገሩ ተለወጠ። የሉቢች ፊልም ራሱ በ1935 እንደገና ለመታየት ፈቃድ ተነፈገው።

ከዚያ ወዲህ ደራሲዎች ሌባውን ተወዳጅ አድርገው ለቅጣት ማብቃት ነበረባቸው። ይህን ከማንም በተሻለ የተወጣው ፕሬስተን ስተርጅስ ጽፎት ሚቸል ላይሰን ያዘጋጀው የ1940ው «ሪሜምበር ዘ ናይት» ነው። በባርባራ ስታንዊክ የምትተወነው ሴት ገና ሲቃረብ ኒው ዮርክ ውስጥ አምባር ሰርቃ ትያዛለች። ዐቃቤ ሕጉ በበዓል ሰሞን ዳኞቹ እንዳይራሩላት ብሎ ችሎቱን ያስቀጥራል፤ በዓሉን እስር ቤት ልታሳልፍ መሆኑ ሲገባው ግን ይጸጸትና በዋስ ያስወጣታል። ሁለቱም የኢንዲያና ልጆች ናቸውና አብረው ወደ አገራቸው ይጓዛሉ። የገዛ እናቷ ፊት ትነሳታለች፤ የእሱ እናት ግን እንደ ልጅ ተቀብላ ታስተናግዳታለች። ሲመለሱ ዐቃቤ ሕጉ ለፍቅሯ ሲል ክሱን ሆን ብሎ ሊያበላሽ ይሞክራል። እሷ ግን ሥራውና ስሙ እንዳይጠፋ ጥፋቷን በራሷ አፍ ታምናለች። ደንቡ የሚያስገድደው ቅጣት እዚህ ከውጭ የተጫነ አይመስልም፤ የፍቅሯ ማረጋገጫ የሆነው እሱ ነው። የስተርጅስ ችሎታም በዚህ ይታያል።

ሌሎች ቀለል ያለ መውጫ አገኙ። በአልፍሬድ ሂችኮክ «ቱ ካች ኤ ቲፍ» (1955) ኬሪ ግራንት የሚተውነው ሰው ሌብነትን ከተወ ቆይቷል፤ በሌላ ሰው ስርቆት ይጠረጠራል እንጂ ራሱ አይሰርቅም። በዊልያም ዋይለር «ሃው ቱ ስቲል ኤ ሚሊየን» (1966) ደግሞ ሌባ ነው የተባለው ሰው መርማሪ፣ ከፓሪስ ሙዚየም የሚሰረቀው ሐውልትም ሐሰተኛ ሆኖ ይገኛል።

ደንቡ በ1968 ተሽሮ ፊልሞችን በተመልካች ዕድሜ የሚመድብ ሥርዓት ተተካ። የሌቦቹ ዕጣም አብሮ ተቀየረ፤ ለውጡ በብሪታንያዊው አዘጋጅ ቻርልስ ክራይተን ሥራዎች ላይ ጎልቶ ይታያል። የ1951ዱ «ዘ ላቬንደር ሂል ሞብ» የሚያበቃው ወርቅ የሰረቀው ሰው ከፖሊስ ጋር በካቴና ታስሮ ነው። በ1988ቱ «ኤ ፊሽ ኮልድ ዋንዳ» ግን ሌባዋና የወደዳት ጠበቃ አልማዙን ይዘው በአውሮፕላን ወደ ደቡብ አሜሪካ ያመልጣሉ።