«ስፓይጌት»፦ ማየት ተፈቅዶ መቅረጽ የተከለከለበት «ስርቆት»

ቦንጋ ገበያ ውስጥ አንድ የቡና ነጋዴ ለሸሪኩ ዋጋውን በጣቱ ሲጠቁመው አይተው ቢገባዎት ሌባ ይባላሉ? አይባሉም። የአሜሪካው ብሔራዊ ፉትቦል ሊግም (ኤንኤፍኤል) ቢሆን የተጋጣሚን የእጅ ምልክት በዓይን ተከታትሎ መፍታትን አይከለክልም። «የምልክት ስርቆት» የሚለው ስያሜ ብዙዎችን የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው።

ጨዋታው እኛ የምናውቀው እግር ኳስ አይደለም። ኳሷ ሞላላ ናት፤ ጨዋታው በየጥቂት ሴኮንዱ ይቆማል፤ በቆመ ቁጥርም አሠልጣኙ ቀጣዩን ታክቲክ ያስተላልፋል። ከ1994 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጀምሮ የማጥቃቱ መሪ፣ ኳርተርባኩ፣ ትዕዛዙን የራስ ቁሩ ውስጥ በተገጠመ ሬዲዮ ይሰማል። ተከላካዮቹ ግን ከዚያም በኋላ ለዓመታት የሚታዘዙት ከሜዳው ጠርዝ በሚሰጥ የእጅ ምልክት ነበር። ከእውነተኛው ጋር ማደናገሪያም ይቀላቀላል። ምልክቱን በካሜራ ቀርጾ ቀጥሎ ከታየው አጨዋወት ጋር ያስተያየ ግን ውሎ አድሮ እውነተኛውን ይለያል።

ሴፕቴምበር 9 ቀን 2007 አንድ የኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ ሠራተኛ የኒውዮርክ ጄትስን አሠልጣኞች ምልክት ከሜዳው ጠርዝ ሲቀርጽ እጅ ከፍንጅ ተይዞ ካሜራው ተወሰደበት። የጄትስ ዋና አሠልጣኝ ኤሪክ ማንጂኒ ቀደም ሲል በፓትሪየትስ ረዳት አሠልጣኝ ስለነበሩ የቤቱን ገመና ያውቃሉ። ጉዳዩ ከዋተርጌት በተወሰደ ቅጥያ «ስፓይጌት» ተባለ።

ሊጉ ከዓመት በፊት ለክለቦቹ በጻፈው ደብዳቤ በጨዋታ ሰዓት ከሜዳው ጠርዝ መቅረጽን በግልጽ ከልክሎ ነበር። የፓትሪየትሱ አሠልጣኝ ቢል ቤሊቺክ ግን ደንቡን የተረጎምኩት በስህተት ነው ብለው ይቅርታ ጠየቁ። ደብዳቤውን ላነበበ የሕግ ሰው ይህ መከላከያ ብዙ አያስኬድም። ኮሚሽነር ሮጀር ጉዴል በአራት ቀን ውስጥ ወሰኑ፤ አሠልጣኙ 500 ሺሕ፣ ክለቡ 250 ሺሕ ዶላር ተቀጡ፤ ክለቡ በ2008 የአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ የመጀመሪያ ዙር ዕድሉንም አጣ። ቤሊቺክ ለአንድ ጨዋታ እንኳ አልታገዱም።

ለእኔ ከቅጣቱ ይልቅ የሚከነክነኝ ቀጥሎ የሆነው ነው። ሊጉ ስድስት ካሴቶችንና ማስታወሻዎችን ከክለቡ ተረክቦ አጠፋቸው። ከሳሽም፣ መርማሪም፣ ዳኛም የሆነ አካል ማስረጃ ሲያጠፋ ምን ይባላል? ፓትሪየትስ ከ2001 እስከ 2004 ባሉት የውድድር ዘመናት ሦስት ዋንጫ ወስዷል፤ ድሎቹን የሚያሳማም ሆነ ከሐሜት የሚያነጻ ካሴት ቢኖር አብሮ ሄዷል። ሴናተር አርለን ስፔክተር በ2008 ማብራሪያ ጠየቁ፤ ገለልተኛ ምርመራ እንዲደረግም ወተወቱ። ሰሚ አላገኙም። በዚያው ዓመት ሊጉ ለአንድ ተከላካይም የራስ ቁር ሬዲዮ ፈቀደ።