የልብ ድካም ታማሚን በቤት ውስጥ ለማስታመም ቴክኖሎጂን መጠቀም

የልብ ድካም፣ ልብ ሰውነት በሚፈልገው መጠን ደም መርጨት ሲሳነው የሚከሰት የረዥም ጊዜ ሕመም ነው። በዕለት ተዕለት ንግግር «ልብ ድካም» የሚለው ስያሜ ድንገት ለሚጥለው የልብ ሕመምም ስለሚውል ብዙዎችን ያደናግራል። በዚህ ጽሑፍ የሚወሳው ግን እግርን የሚያሳብጠው፣ ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ የሚያሳጥረውና ሌሊት ከመኝታ ቀና አድርጎ የሚያስቀምጠው ሕመም ነው። በአገራችን ከዋና ዋና መንስኤዎቹ መካከል በልጅነት ከሚያጋጥም የጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብ ቫልቮችን የሚጎዳው የሩማቲክ የልብ ሕመም፣ ለዓመታት ሳይታከም የቆየ የደም ግፊት እና የልብ ጡንቻ መዳከም ይገኙበታል። የሩማቲክ የልብ ሕመም ወጣቶችን ስለሚያጠቃ በብዙ ቤት አስታማሚዎቹ ልጆች ሳይሆኑ እናትና አባት ናቸው።

ታማሚው ከሆስፒታል ሲወጣ ሕክምናው አያበቃም። መድኃኒቱ በየቀኑ የሚወሰደው፣ የጨው መጠን የሚቀነሰውና የሕመሙ መባባስ አስቀድሞ የሚታየው በቤት ውስጥ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙ የሚባባሰው በአንድ ሌሊት አይደለም። ፈሳሽ በሰውነት ውስጥ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ሲጠራቀም ይቆይና በኋላ ትንፋሽ ያሳጥራል። ቤተሰብ ግን ብዙ ጊዜ የሚነቃው በመጨረሻው ሌሊት ነው። በቤት ውስጥ የሚያገለግሉ መሣሪያዎች ዋና ጥቅም እነዚያን ቀናት እንዲታዩ ማድረጋቸው ነው።

ሚዛን ከሁሉም ይቀድማል

ለልብ ድካም ታማሚ ቤት አንድ መሣሪያ ብቻ መግዛት የሚቻል ቢሆን ሊገዛ የሚገባው የሰውነት ሚዛን ነው። 1 ሊትር ውኃ 1 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ በድንገት የጨመረ ክብደት አብዛኛውን ጊዜ የተጠራቀመ ፈሳሽ ነው። እግር በግልጽ ከማበጡ በፊት ሚዛኑ ይናገራል።

ታማሚው ጠዋት እንደተነሣ፣ ከሸና በኋላ፣ ቁርስ ሳይቀምስ፣ ያለ ጫማና በተመሳሳይ ቀላል ልብስ ይመዘናል። ሚዛኑ በጠንካራና ደልዳላ ቦታ መቀመጥ አለበት፤ ወለሉ አፈር ወይም ምንጣፍ የለበሰ ከሆነ ጠፍጣፋ ጣውላ ከሥሩ ማድረግ ይገባል። አለበለዚያ የሚታየው ለውጥ የሰውነት ሳይሆን የወለሉ ይሆናል። በ3 ቀናት ውስጥ ከ2 ኪሎ ግራም በላይ የጨመረ ታማሚ፣ ምንም የተለየ ስሜት ባይኖረውም፣ በዚያው ዕለት ለሚከታተለው የጤና ተቋም ማሳወቅ አለበት።

የክብደት መቀነስም ችላ አይባልም። ሽንት የሚያሸና መድኃኒት የሚወስድ ሰው ክብደቱ በፍጥነት ከቀነሰ፣ አፉ ከደረቀና ሲነሣ ራሱን ካዞረው ፈሳሹ ከመጠን በላይ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ተቅማጥ ወይም ትውከት በያዘው ቀንም ሐኪሙን ሳያማክር መድኃኒቱን እንደወትሮው መቀጠል ወይም በራሱ ፈቃድ ማቋረጥ አይገባውም።

ሚዛን በሌለበት፣ ወይም ታማሚው መቆም በማይችልበት ቤት የሚያገለግሉ ሌሎች መለኪያዎች አሉ። አንደኛው የትራስ ብዛት ነው፤ በ1 ትራስ ይተኛ የነበረ ሰው 2 ወይም 3 ከፈለገ ፈሳሹ ወደ ሳንባ እየተጠጋ እንደሆነ ይጠረጠራል። ሌላው በአውራ ጣት የቅልጥምን ፊት ለጥቂት ሰከንዶች መጫን ነው፤ ጣቱ ሲነሣ ጉድጓዱ ካልሞላ እብጠት አለ። ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ጎራ ብሎ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ መመዘንም ምንም ካለመመዘን በእጅጉ ይሻላል።

የደም ግፊትና የኦክስጅን መለኪያዎች

የደም ግፊት መለኪያ ሲገዛ በእጅ አንጓ ላይ ከሚታሰረው ይልቅ በክንድ ላይ የሚታሰረው ይመረጣል። ታማሚው ለ5 ደቂቃ ያህል አርፎ፣ ጀርባውን አስደግፎ፣ ክንዱን በልብ ትይዩ አድርጎ ሳይናገር ይለካል። የልብ ምቱ የተዛባ ታማሚ በአንድ ጊዜ ልኬት ላይ መተማመን የለበትም፤ ደጋግሞ መለካትና ሁሉንም መመዝገብ ያስፈልጋል።

ብዙ ቤተሰብ እነዚህን መሣሪያዎች የሚያገኘው በውጭ ካሉ ዘመዶች ነው። ከአሜሪካ የሚመጣ ሚዛን ብዙ ጊዜ በፓውንድ ስለሚያነብ ወደ ኪሎ ግራም የሚቀይረውን ቁልፍ (አብዛኛውን ጊዜ ከሥሩ ይገኛል) መፈለግ ይገባል፤ ከላይ የተጠቀሰው 2 ኪሎ ግራም በፓውንድ 4.4 ገደማ ነው። በ110 ቮልት ብቻ የሚሠራ ገመድ በእኛ የ220 ቮልት መስመር ላይ ከተሰካ ይቃጠላል። በባትሪ የሚሠራውን እንዲልኩ አስቀድሞ መንገር ወጪን ያድናል፤ መብራት ሲጠፋም ልኬቱ አይቋረጥም።

ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ጠቃሚ ቢሆንም ከሚዛን በኋላ የሚመጣ ነው። የጥፍር ቀለም፣ ሂና ወይም እንሶስላ በጣት ላይ ካለ፣ ወይም ጣት ከቀዘቀዘ ንባቡ ይሳሳታል። በጥቁር ቆዳ ላይ መሣሪያው ከእውነተኛው መጠን ከፍ ያለ ቁጥር ሊያሳይ እንደሚችልም ጥናቶች አመልክተዋል። በሌላ በኩል እንደ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በሚገኝ ከተማ የጤነኛ ሰው የኦክስጅን መጠን በቆላ ወይም በባሕር ዳርቻ ካለ ሰው ዝቅ ይላል። ስለዚህ በመሣሪያው መመሪያ ላይ ከታተመው ቁጥር ይልቅ ታማሚው ደኅና በነበረበት ጊዜ የተመዘገበው የራሱ ልኬት መነጻጸሪያ ቢሆን ይመረጣል። ቁጥሩ መልካም ሆኖ ታማሚው ትንፋሽ ካጠረው መታመን ያለበት ታማሚው ነው።

ስልክና ደብተር

ውድ የሆነ መተግበሪያ አያስፈልግም። ቀን፣ ክብደት፣ የደም ግፊት፣ የልብ ምት፣ የትራስ ብዛት፣ የተወሰደ መድኃኒት ተብሎ የተሰመረ የተማሪ ደብተርና ፎቶ የሚያነሣ ስልክ ይበቃሉ። ገጹን ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ለሚከታተለው ባለሙያ ወይም ራቅ ብሎ ለሚኖር ልጅ መላክ ይቻላል። የታማሚን መረጃ በሰፊ የቤተሰብ ቡድን ላይ መለጠፍ ግን አይመከርም፤ ለማን እንደሚላክ መወሰን ያለበት ታማሚው ነው። ተራ ስልክ ብቻ ላለው ቤተሰብ ቁጥሮቹን ደውሎ ማንበብ ተመሳሳይ ጥቅም ይሰጣል።

በደብተሩ ላይ በዓልና ድግስም ቢጻፍ መልካም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው የጨው መጠን በቀን ከ5 ግራም በታች ሲሆን፣ ሽሮና በርበሬ ሲዘጋጁ ጨው ስለሚገባባቸው «ወጡ ላይ ጨው አልጨመርኩም» ማለት ብቻውን ጨው መቀነስ አይደለም። ከበዓል ማግስት የጨመረ ክብደት በደብተሩ ላይ ሲታይ ምክንያቱ በቀላሉ ይገኛል።

የስልክ ደወል መድኃኒትን ለማስታወስ ይረዳል፤ ሆኖም የብዙ ስልኮች ሰዓት እንደ እኛ አቆጣጠር አይቆጥርም። ከጠዋቱ 1 ሰዓት የሚወሰድ መድኃኒት በስልኩ ላይ የጠዋት 7 ሆኖ መሞላት አለበት፤ 1 ብሎ የሞላ ሰው ደወሉን የሚሰማው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። «8 ሰዓት» ተብሎ ሲታዘዝም ከቀኑ 8 ሰዓት ይሁን በየ8 ሰዓቱ መጠየቅ ያስፈልጋል። ፉሮሴማይድን የመሰለ ሽንት የሚያሸና መድኃኒት በቀን ሁለት ጊዜ ከታዘዘ ሁለተኛው ከሰዓት በኋላ ሳይመሽ ቢወሰድ ታማሚው ሌሊቱን በመመላለስ አያሳልፍም።

የሚጾም ታማሚ መጾሙን ለሐኪሙ መደበቅ የለበትም። አንዳንድ መድኃኒቶችን ከጾሙ ሰዓት ጋር ማስማማት ይቻላል፤ በራስ ፈቃድ መዝለል ግን ለአደጋ ያጋልጣል። የፈሳሽ መጠን ለተወሰነለት ታማሚ የሚጠጣው ጸበልም ከዕለቱ ፈሳሽ ጋር ይቆጠራል። የመገጣጠሚያ ወይም የወገብ ሕመም ሲሰማውም እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች ፈሳሽ የሚያስቀሩ በመሆናቸው ከመግዛቱ በፊት ደውሎ መጠየቅ አለበት።

የተላከውን ቁጥር ማን ያነበዋል?

በዚህ ረገድ በውጭ አገር የተካሄዱ ሁለት ጥናቶች ትምህርት ይሰጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ ይፋ የሆነው ጥናት ከ1,600 በላይ ታማሚዎችን ያሳተፈ ሲሆን፣ ግማሽ ያህሉ በየቀኑ ለአውቶማቲክ የስልክ መስመር እየደወሉ ክብደታቸውንና ስሜታቸውን እንዲያስመዘግቡ ተደረገ። ከ6 ወራት በኋላ በሞትም ሆነ ዳግም ሆስፒታል በመግባት በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት አልታየም። መስመሩን እንዲጠቀሙ ከተመደቡት 14 በመቶ ያህሉ ጨርሶ አልተጠቀሙበትም፤ በመጨረሻው ሳምንት ቢያንስ 3 ጊዜ ይደውሉ የነበሩት 55 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ2018 በጀርመን ይፋ የሆነው ጥናት በአንጻሩ ከ1,500 በላይ ታማሚዎችን ለአንድ ዓመት ተከታተለ። የተመረጡት ታማሚዎች ክብደት፣ የደም ግፊት፣ የልብ ምትና የኦክስጅን መጠን በየቀኑ ወደ በርሊን ማዕከል ይላክ ነበር፤ በዚያም ሐኪሞችና ነርሶች ቀንና ሌሊት ተረኛ ነበሩ። ቁጥሩ ሲያሳስባቸው ለታማሚው ይደውላሉ፣ መድኃኒት እንዲስተካከልም ያደርጋሉ። የሞት መጠኑ በዓመት ከ100 ታማሚዎች ከ11 ገደማ ወደ 8 ገደማ ዝቅ አለ። በሁለቱም ታማሚው በየቀኑ መረጃ ይልክ ነበር፤ በርሊን ላይ ግን በማንኛውም ሰዓት አንብቦ የሚደውል ሰው ነበር።

ስለሆነም ታማሚው ከሆስፒታል ከመውጣቱ በፊት ቤተሰቡ ከሚያክመው ቡድን አራት ነገሮችን በጽሑፍ እንዲቀበል ይመከራል፦ እብጠቱ ከወረደ በኋላ የተመዘገበው መነሻ ክብደት፣ ስንት ሲጨምር መደወል እንዳለበት፣ በሥራ ሰዓትና ከሥራ ሰዓት ውጭ የሚደወልበት ቁጥር፣ እንዲሁም ክብደት ሲጨምር የሚያሸናውን መድኃኒት በቤት ውስጥ ከፍ ማድረግ ተፈቅዶ እንደሆነና በምን ያህል። አራተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ መልሱ «አልተፈቀደም» ቢሆንም እንኳ መታወቁ ከግምት ያድናል።

ቤት ለቤት የሚደረግ ድጋፍ የሚያስፈልጋቸው ቤተሰቦች በቀበሌያቸው ወይም በወረዳቸው የሚገኙ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችን ማነጋገር ይችላሉ። መርሐ ግብሩ እ.ኤ.አ. በ2003 በገጠር፣ በ2009 ደግሞ በከተሞች የተጀመረ ሲሆን የከተማው በነርስነት የሠለጠኑ ባለሙያዎችን ይዞ የተነሣ ነው። ባለሙያዋ ስትመጣ ደብተሩን ማሳየት፣ ሚዛኑ በትክክል መቀመጡንና የግፊት መለኪያው በአግባቡ መታሰሩን እንድታይ መጠየቅ ይገባል።

መልእክት መላክ የማይበቃባቸው ምልክቶች

ታማሚው ተቀምጦ እያለ ትንፋሽ ካጠረው፣ አረፋማ ወይም ደም የቀላቀለ አክታ ካሳለው፣ ደረቱን አጥብቆ ካመመው፣ ራሱን ከሳተ፣ ከተወናበደ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ፎቶ ልኮ መልስ መጠበቅ አይገባም። በቀጥታ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል፤ አምቡላንስ የሚዘገይ ከሆነ በተገኘው ተሽከርካሪ በቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ይወሰዳል። እስከዚያው ታማሚው በጀርባው እንዲተኛ አይደረግም፤ ቀና ብሎ፣ እግሩን ወደ ታች አውርዶ ይቀመጣል፤ ውኃም ሆነ ሌላ ፈሳሽ አይሰጠውም። መድኃኒቶቹ ከነማሸጊያቸው እና ደብተሩ አብረው ይወሰዳሉ። አስቸኳይ ላልሆነ የጤና መረጃ በጤና ሚኒስቴር ነጻ የስልክ መስመር 952 መደወል ይቻላል።