አንድ ረድፍ፣ ልዩ ልዩ እጆች

ወረታ የመንገድ ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፈው ጎዳና፣ በደብረ ታቦርና በጋይንት አድርጎ ወደ ወልድያ ከሚዘልቀው ጎዳና ጋር የሚገናኘው በዚህች ከተማ ነው። የጉማራና የርብ ወንዞች ወደ ጣና ሲወርዱ የሚያለብሱት ደለል የፎገራን ሜዳ ሠርቶታል፤ ክረምት ሲገባ ውኃ ይተኛበታል፣ ውኃው ሲጎድል ከብት ይሰማራበታል፣ ካለፉት ጥቂት ዐሥርት ዓመታት ወዲህም ሩዝ ይታጨድበታል። ይህ ሜዳ መኪና ከመምጣቱ በፊትም የመንገደኛ አገር ነበር። ከጎጃም ገበያዎች ተነሥቶ ዓባይን የተሻገረው ሲራራ ነጋዴ፣ ጣናን በስተግራው ትቶ ፎገራን ያቋርጥና በሜዳው ሰሜናዊ ጫፍ ከምትገኘው ከይፋግ ገበያ ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ ጎንደር ይወጣል።

የዚህ ንግድ ትልቁ ድርሻ በሙስሊሞች እጅ ነበር። በደጋው አገር የርስት ባለቤትነት ለሙስሊሙ የተከለከለ ስለነበረ፣ ኑሮው በንግድና በሽመና ላይ ተመሠረተ። አፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ እ.ኤ.አ. በ1668 በጎንደር ባደረጉት ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ከታዘዘ በኋላ ደግሞ የሰፈሩም ወሰን ተለየ። በጎንደር የአዲስ ዓለም፣ ከጣና ምሥራቅ የደሪጣ ነጋዴዎች የዚሁ ታሪክ ልጆች ናቸው። ነጋዴው አሞሌና ቡና፣ ሸማና ዝባድ ጭኖ ከአገር አገር ሲዞር፣ የስግደት ልማዱንም ከአገር አገር ይዞ ይዞር ነበር። ጥያቄው የሚነሣውም ከዚህ ላይ ነው።

ሁለት ነጋዴዎች በፎገራ ሜዳ አብረው ሰፍረዋል እንበል። አንደኛው በሐነፊ መዝሃብ ያደገ ነው፤ ሁለተኛው በሻፊዒ። የአሱር ሰዓት ደረሰ። ሐነፊው፣ የሦስት ቀን መንገድ ያሰበ መንገደኛ አራቱን ረከዓ ወደ ሁለት ማሳጠር ግዴታው ነው ብሎ ተምሯል። ሻፊዒው ደግሞ ማሳጠር የተፈቀደለት እንጂ የታዘዘበት አይደለም፤ ከፈለገ አራቱን ይሞላል፣ ከፈለገም ዙሁርንና አሱርን በአንድ ጊዜ አጣምሮ ይሰግዳል። ሐነፊው ማጣመሩን ከሐጅ ሥርዓት ውጭ አይቀበለውም። ታዲያ ከሁለቱ ማን ኢማም ይሁን? ማንስ ከማን ኋላ ይቁም?

በመሠረቱ ልዩነቱ በስግደቱ ምሰሶዎች ላይ አይደለም። አምስቱ ጊዜያት፣ የቂብላው አቅጣጫ፣ ጎንበስ ማለቱና ግንባርን ከመሬት ማስነካቱ በሁሉም ዘንድ አንድ ነው። ልዩነቱ በዝርዝሩ ይጀምራል። ሐነፊው ቀኝ እጁን በግራው ላይ አድርጎ ከእምብርቱ በታች ያሳርፋል፤ ሻፊዒው ከእምብርቱ በላይ፣ ከደረቱ በታች ያደርገዋል፤ ከማሊኪዎች ብዙዎቹ እጃቸውን ወደ ጎን ለቀው ይቆማሉ። ሐነፊው እጆቹን የሚያነሣው ስግደቱን ሲከፍት ብቻ ነው፤ ሻፊዒው ለሩኩዕ ሲጎነበስና ቀና ሲልም ያነሣቸዋል። ድምፅ በሚሰማባቸው ስግደቶች የሻፊዒው ኢማም «ቢስሚላህ»ን ከፍ አድርጎ ይላል፤ የሐነፊው ዝቅ አድርጎ ይላታል። በፋቲሓ መጨረሻ ላይ በሻፊዒዎች መስጊድ «አሚን» የሚለው ድምፅ ጣሪያውን ያናውጣል፤ በሐነፊዎች መስጊድ በየከንፈሩ ይቀራል። በሱብሂ ስግደት ሻፊዒው ከሁለተኛው ሩኩዕ ቀና ብሎ እጁን ዘርግቶ ቁኑት ያደርጋል፤ ሐነፊው ቁኑቱን ለሌሊቱ ዊትር ያቆየዋል።

ለውጭ ተመልካች ይህ ሁሉ ጥቃቅን ነገር ሊመስል ይችላል። ለሚሰግደው ሰው ግን ከሕሊናው ጋር የሚያፋጥጠው ጉዳይ ነው። ሻፊዒው «ቢስሚላህ» ከፋቲሓ አንቀጾች አንዷ ናት፣ ያለ ፋቲሓም ስግደት የለም ብሎ ተምሯል፤ እንግዲህ ቃሏን ያልሰማበት ኢማም በእውነት ሰግዷልን? ለሐነፊው ደም መፍሰስ ውዱእ ያፈርሳል፤ ለሻፊዒው አያፈርስም። እጁ ደምቶ ሳይታጠብ ወደ ሚሕራቡ የወጣ ሻፊዒ ኢማም በራሱ ሕግ ንጹሕ ነው፤ ከኋላው በቆመው ሐነፊ ሕግ ግን ውዱእ የለውም። የፊቅህ ሊቃውንት ስለዚህ ነገር ለብዙ መቶ ዓመታት ተከራክረዋል። አንዱ ወገን ሚዛኑ የተከታዩ እምነት ነው አለ፤ ሌላው ወገን ሚዛኑ የኢማሙ እምነት ነው፣ ኢማሙ በመዝሃቡ ትክክል ከሆነ ከኋላው የቆመው ሁሉ ትክክል ነው አለ። ከእነዚህ ሁለት መልሶች አንደኛው ረድፉን ይከፍላል፤ ሁለተኛው ይጠብቀዋል።

የመጀመሪያው መልስ ወዴት እንደሚያደርስ መካ ራሷ ምስክር ናት። በካዕባ ዙሪያ ለየመዝሃቡ የተለየ ኢማምና የተለየ መቆሚያ ለብዙ ዘመን ተሠርቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1183 መካ የደረሰው የአንዳሉሱ መንገደኛ ኢብን ጁበይር ያየውን መዝግቧል። በሌሎቹ ሰዓታት ኢማሞቹ ተራ በተራ ያሰግዳሉ፤ የመግሪብ ጊዜ አጭር ስለሆነ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጀምራሉ። ያን ጊዜ የአንዱ ኢማም ተክቢር ከሌላው ጋር ይቀላቀላል፤ ሰጋጁ የራሱን ኢማም ትቶ በሌላው ድምፅ ይጎነበሳል፣ በሌላው ድምፅ ይነሣል። ይህ ሥርዓት የቀረው ንጉሥ ዓብዱልዓዚዝ እ.ኤ.አ. በ1924 መካን ከያዙ በኋላ፣ ሁሉም ከአንድ ኢማም ኋላ እንዲሰግድ በተደረገ ጊዜ ነው።

ልዩነቱ ወደ ኢትዮጵያ የገባው ትናንት አይደለም። በ14ኛው መቶ ዓመት የግብጹ ጸሐፊ አል-ዑመሪ፣ በምሥራቅ ሸዋ በኩል የነበረው የይፋት ሡልጣኔት ሰዎች አብዛኞቹ ሻፊዒዎች፣ የደዋሮ፣ የሐዲያና የባሊ ሰዎች ግን ሐነፊዎች መሆናቸውን ጽፏል። በዚያው መቶ ዓመት ከዘይላ ወደብ ስማቸውን የወሰዱ ሁለት ታላላቅ የሐነፊ ሊቃውንት በካይሮ ተነሥተዋል። አንደኛው ፈኽረዲን ዑስማን አል-ዘይላዒ ነው፤ ሁለተኛው የእርሱ ደቀ መዝሙር ጀማለዲን ዓብዱላህ አል-ዘይላዒ ነው። ጀማለዲን «ነስቡ ራያ» በተባለው ሥራው በ«ቢስሚላህ» ላይ ያለውን ክርክር በሰፊው መርምሯል። የሥራው ክብር የራሱን መዝሃብ ደግፎ በመቆሙ ብቻ የመጣ አይደለም፤ የተቃራኒውንም ወገን ማስረጃ ሳይሸሽግና ሳያሳንስ በመደርደሩ ነው። በአል-አዝሃርም የጀበርት ተማሪዎች የራሳቸው ማደሪያ ነበራቸው። የግብጽን ታሪክ የጻፈው ዓብዱራሕማን አል-ጀበርቲ (እ.ኤ.አ. 1753–1825) የዘር ሐረጉ ከዚሁ ማኅበረሰብ የሚመዘዝ የሐነፊ ቤተ ሰብ ልጅ ነበር።

በአገር ውስጥ ደግሞ ታላቁ የትምህርት ቤት ወሎ ነበረ። በጀማ ንጉሥ ሼኽ ሙሐመድ ሻፊ፣ በገታ ሐጂ ቡሽራ ያቋቋሟቸው ማዕከላት ከሩቅ አገር ደረሳ ይስቡ ነበር። ደረሳው ስንቁን ቋጥሮ፣ ለአንዱ ዕውቀት ከአንዱ ሼኽ፣ ለሌላው ዕውቀት ከሌላው ሼኽ ዘንድ ይቀመጣል፤ ኪታቡን በዐረብኛ ያነብባል፣ ትርጉሙን በአማርኛ ይሰማል። በወሎ የሻፊዒም የሐነፊም ፊቅህ ይነገር ስለነበረ፣ ተማሪው ገና በወጣትነቱ ከእርሱ ልማድ የተለየ ልማድ ያለው ዓሊም እንዳለ ያውቃል። ዕውቀቱ ትሕትናን የሚያስተምረውም በዚህ መንገድ ነው።

ለእነዚህ ሊቃውንት መመሪያ የሆኗቸው የጥንት ምሳሌዎች ነበሩ። የነቢዩ ባልደረባ ኢብን መስዑድ በሚና መንገደኛ አራቱን ረከዓ ማሳጠር አለበት ብሎ ያምን ነበር፤ ኸሊፋው ዑስማን አራቱን ሞልተው ባሰገዱ ጊዜ ግን ከኋላቸው ቆሞ አራቱንም ሰገደ። ስለ ምን ተብሎ ሲጠየቅም መለያየት ከዚህ የከፋ መሆኑን ገለጸ። ኢማም አል-ሻፊዒም በአቡ ሐኒፋ መቃብር አጠገብ ሱብሂ በሰገዱ ጊዜ፣ ለባለ መቃብሩ አክብሮት ሲሉ ራሳቸው የሚያስተምሩትን ቁኑት እንደተዉ ይተረካል። በፎገራ ሜዳ ላይ ላቆምናቸው ሁለት ነጋዴዎችም መልሱ ከዚሁ ይገኛል፤ ተከታዩ የራሱን ሐሳብ ሳይክድ ኢማሙን ይከተላል። እጁን የሚያኖርበት ስፍራ የራሱ ነው፤ የሚነሣበትና የሚጎነበስበት ጊዜ ግን የረድፉ ነው።

የጁምዓ ስግደት ከዚህ የከበደ ጥያቄ ያመጣል። በሻፊዒ ሕግ ጁምዓ የሚቆመው በስፍራው የሚኖሩ አርባ ወንዶች ሲገኙ ነው። በሐነፊ ሕግ ከኢማሙ ሌላ ሦስት ሰው ይበቃል፤ ነገር ግን ስፍራው ከተማ መሆን አለበት። እንግዲህ ሠላሳ አባወራ ላላት አንዲት የነጋዴ መንደር በአንዱ ሕግ ሰው አነሳት፣ በሌላው ሕግ ከተማነት አነሳት። በብዙ የእስልምና አገሮች የተገኘው መፍትሔ ጁምዓን ሰግዶ ለጥንቃቄ ዙሁርንም መድገም ነበር። በኋላ ዘመን አዲስ ትምህርት ያመጡ ሰዎች ይህን ድጋሚ ስግደት መሠረት የሌለው ጭማሪ ነው ብለው ነቀፉት፤ አዛውንቱ ግን ከጥርጥር የሚያድን ጥንቃቄ ነው ብለው ያዙት።

ስግደቱ ራሱ የተከለከለበት ዘመንም ነበር። ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ አራተኛ ሙስሊሞች ክርስትናን እንዲቀበሉ ባዘዙ ጊዜ፣ ከወሎ ሼኽ ጦልሃ መሣሪያ አንሥተው ተቃወሙ፤ ሌሎች ተሰደዱ፤ ብዙዎችም ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም ሆነው ኖሩ። በጨለማ፣ በር ዘግቶ፣ ድምፁን አፍኖ ለሚሰግድ ሰው «አሚን» ይጮህ ወይስ ይንሾካሾክ የሚለው ክርክር ትርጉም አልነበረውም፤ ሁሉም ይንሾካሾክ ነበር። ጭቆና ልዩነትን እንዳልፈታው ግን ልብ ሊባል ይገባል። አፍኖ አቆየው እንጂ።

በ20ኛው መቶ ዓመት ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ፋሽስት ኢጣሊያ በወረራው ዘመን መስጊድ እያሠራ ሙስሊሙን ከወገኑ ለመለየት ሞከረ። በ1961 ዓ.ም. ቁርኣን በአማርኛ ተተርጉሞ ታተመ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሙ ሕዝብ ከክርስቲያን ወገኖቹ ጋር ሆኖ በአዲስ አበባ አደባባይ እኩልነቱን ጠየቀ፤ በ1967 ዓ.ም. የእስልምና በዓላት የሕዝብ በዓላት ሆኑ፤ በ1968 ዓ.ም. የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት ተመሠረተ። በዚህ ሁሉ ትግል ሙስሊሙ በአንድ ረድፍ ቆሟል፤ ማን እጁን የት እንደሚያኖር የጠየቀ አልነበረም።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የጉዞና የኅትመት በር በሰፊው ሲከፈት፣ ከውጭ አገር ተምረው የተመለሱ ወጣቶች የቀድሞውን ልማድ በሐዲስ መዝነው መጠየቅ ጀመሩ። የሱብሂው ቁኑት፣ ከስግደት በኋላ በኅብረት የሚደረገው ዱዓ፣ የረመዳን ተራዊህ ሃያ ነው ወይስ ስምንት የሚለው፣ መውሊዱና ሐድራው ሁሉ መከራከሪያ ሆኑ። ወጣቱ የሚጠይቀው ማስረጃን ነው፤ አዛውንቱ የሚያቀርበው ከሼኹ፣ ሼኹም ከሼኹ የተቀበለውን ሰንሰለት ነው። ሁለቱም ለስግደቱ የሚቆረቆሩ በመሆናቸው፣ አንዱን የቀና ሌላውን የጠመመ አድርጎ መሣል የታሪክ ሥራ አይደለም።

ታሪክ የሚያሳየው ሌላ ነገር ነው። ረድፉ የሚሰበረው «እንዴት እንሰግዳለን» የሚለው ጥያቄ «መስጊዱ የማን ነው» ወደሚለው ጥያቄ ሲለወጥ ነው። በ2004 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከአወሊያ የተነሣው ተቃውሞ የዚህ ምሳሌ ነው። ተቃውሞው የፈነዳው አል-አሕባሽ የተባለው ትምህርት በምክር ቤቱ በኩል፣ በመንግሥት ድጋፍ በሥልጠና መልክ እንዲሰጥ በመደረጉ ነበር። ስለ እምነት የተነሣው ክርክር የምርጫ፣ የሥልጣንና የእስር ጉዳይ ሆነ። ሚያዝያ 23 ቀን 2011 ዓ.ም. የሱፊያና የሰለፊያ ወገን ዑለማዎች በአንድ አዳራሽ ተሰብስበው፣ በሙፍቲ ሐጂ ዑመር እድሪስ የሚመራ አመራር ሲሰይሙ ብዙ ሰው እንባውን አፈሰሰ። በ2012 ዓ.ም. ምክር ቤቱ በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት አገኘ። ይሁን እንጂ በሐምሌ 2014 ዓ.ም. አመራሩ እንደገና ሲለወጥ ሌላ ቅሬታ ተነሣ። ክርክሩ በዚህ ጊዜም ስለ ወንበር እንጂ ስለ እጅ አልነበረም።

የጎንደር አብያተ መንግሥት በድንጋይ ቆመው ይታያሉ። የሲራራ ነጋዴው ስግደት ግን በፎገራ ደለል ላይ የተወው አሻራ የለም፤ ክረምቱ ጠርጎታል። የሚገኘው በሁለት ስፍራ ብቻ ነው፤ በየቤቱ ተጠቅልለው በተቀመጡት የእጅ ጽሑፍ ኪታቦች ኅዳግና አባቶቻቸው እንዴት ይሰግዱ እንደነበረ በሚያስታውሱ አዛውንቶች ዘንድ። በይፋግ፣ በደሪጣና በወረታ ያሉ መምህራንና የባህል ሠራተኞች ይህን ትዝታ ሳይረፍድ ሊመዘግቡት ይገባል። ሲመዘግቡም ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠይቁት የሚገባ ጥያቄ አለ። ይኸውም ማን ትክክል ነበር የሚለው ሳይሆን፣ ልዩ ልዩ እጅ የነበራቸው ሰዎች ከአንድ ኢማም ኋላ ትከሻ ለትከሻ የቆሙት በምን ዓይነት ዕውቀትና በምን ዓይነት መተሳሰብ ነበር የሚለው ነው።